ስለ መክፈቻ ንግግራችን ዕረፍት

ከተረካቢ የሰፈር ወጣቶች ማኅበር፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ለማኅበሩ አባላት፣ ለወላጆች፣ ለእድርተኛውና ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ

ማኅበራችንን ለስምንት ዓመታት በታማኝነት፣ በትጋትና በርዝመት ያገለገሉት አንጋፋው የመክፈቻ ንግግር እሑድ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ መካከል፣ ከሰባ የሚበልጥ ሰው እያያቸው፣ ገና «የተከበራችሁ» ከማለታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን በዚህ ድንገተኛ ባልሆነ ኅልፈት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።

እናቶች፣ ነጠላችሁን አትዘቅዝቁ። ሰው አልሞተም። የሞተው ንግግር ነው፤ በየስብሰባችን መጀመሪያ የማኅበሩ አማካሪ አቶ ኃይለ መስቀል ተነሥተው ያሰሙት የነበረው፣ ብዙዎቻችሁ በመሐሉ ወጥታችሁ ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ስትመለሱ ገና ሳያልቅ የምታገኙት፣ ያው ንግግር። አቶ ኃይለ መስቀል ራሳቸው በሰባ አራት ዓመታቸው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ይህንን መግለጫ የሚጽፉትም እርሳቸው ናቸው፤ ወደው ግን አይደለም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወጣት ሩሃማ «አባባ፣ ሐዘኑ የእርስዎ ነው፤ መግለጫውን እርስዎ ቢጽፉት ይቀልልዎታል» ብላ አዘዘቻቸው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ከስድስት ገጽ እንዳይበልጥ ስትልም ገደብ አበጀች። እነሆ በዚህ ዘመን ለሐዘንም ገደብ ይሰጠዋል።

የሟች አገልግሎት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በአጭሩ የተባለው በሊቀመንበሯ ትእዛዝ ነው።

የመክፈቻ ንግግር በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በእድሩ ግቢ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ተወለዱ። ሲወለዱ ርዝመታቸው ሰባት ደቂቃ ነበር። ያን ጊዜ ማኅበሩ ገና ስሙ ያልወጣለት ነበር፤ ወላጆችም አላመኑትም። «ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ጓሮ ገብተው ምን ሊሠሩ ነው?» ይሉ ነበር፤ የሴቶቹ አባቶች ደግሞ ይብሱ ነበር። አቶ ኃይለ መስቀል ተነሥተው፣ ክፍሉ ሁለት መስኮትና አንድ በር እንዳለው፣ በሩም ወደ እድሩ ጽሕፈት ቤት እንደሚያይ፣ እርሳቸውም በሩ ላይ እንደሚቀመጡ ተናገሩ። በዚያው ሳምንት ዘጠኝ ልጆች ተመዘገቡ፤ አምስቱ ሴቶች ነበሩ። ይህን ከሟች ላይ ማንም አይወስድባቸውም። ዛሬ ስንቀልድባቸው ያንን ሳንረሳ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሟች ወደ ሃያ ደቂቃ አደጉ። ሲያድጉ ጠባይ አወጡ። በመጀመሪያ የተገኙትን በየማዕረጋቸው ያመሰግናሉ፤ ቀጥሎ ያልተገኙትን ስለ ምን እንዳልተገኙ ያብራራሉ፤ ከዚያ ኮልፌ ባሕር ዛፍ ብቻ በነበረችበት ዘመን ጅብ ማንን እንዳሳደደ ይተርካሉ፤ በመጨረሻም ወደ ልጆቹ ዞረው «እናንተ የነገ ሀገር ተረካቢዎች ናችሁ» ይላሉ። የማኅበሩ ስም የወጣው ከዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። ጭብጨባውም የሚመጣው እዚህች ላይ ነው፤ ማለቁን ስለምታበሥር።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ስብሰባ በመከልከሉ ሟች ለአንድ ዓመት ያህል ዕረፍት ወጡ። በዚያ ዓመት የማኅበሩ ልጆች ታክሲ ፌርማታው ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል አቆሙ፤ ውኃ በጄሪካን አመላለሱ፤ ከቤት መውጣት ላልቻሉ አዛውንቶች ዳቦ በር ላይ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሸሹ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥራ አንዱም በንግግር አልተከፈተም። ይህን ያን ጊዜ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ቢያስተውልም የሚናገርበት ስብሰባ የለም።

በ2015 ዓ.ም. ታላላቆቹ ልጆች የስምንተኛ ክፍል ታናናሾቻቸውን ለሚኒስትሪ ፈተና ማስጠናት ጀመሩ። ሐሳቡ የሩሃማ ነው። እርሷ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስምንተኛን ገና ማለፏ ነበር፤ «ፈተናው ሳይረሳኝ ላስተምራቸው» አለች። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቹ በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ይሰበሰባሉ። ብሎኬት ላይ ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ብሎኬት ያልደረሰው ቆሞ ይጽፋል፤ የፊተኛው ጀርባ ለኋለኛው ጠረጴዛ ነው። ጀርባው የሚኮረኮረው ልጅ ሲስቅ የኋለኛው ሒሳብ ይበላሻል።

ስለዚህ በዚያው ዓመት ወጣቶቹ ለወላጆችና ለእድሩ ተወካዮች በሚጠራው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ አስያዙ፤ ቁጥር አራት፣ «ስለ መቀመጫ»። ስብሰባችን አንድ ሰዓት ነው። ሟች በዚያ ወቅት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ደርሰው ነበር። አጀንዳ አንድ ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው፤ አጀንዳ ሁለት የጽዳት ዘመቻ ነው፤ ሦስት ላይ ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። አጀንዳ አራት ለሁለት ዓመት ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ቃለ ጉባኤው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «በጊዜ እጥረት ምክንያት» ይላል። ጊዜውን ያሳጠረው ማን እንደሆነ አይልም፤ ጸሐፊዎቻችን ጨዋ ልጆች ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ለልጆች መጻሕፍት ከሚያድል አንድ ድርጅት እንግዳ መጡ። ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዳላቸው አስቀድመው ነግረውናል፤ ሾፌራቸውም በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ ቆሟል። ሩሃማ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት በየትምህርቱ ለይታ በደብተሯ ጽፋ ተዘጋጅታ ነበር። አቶ ኃይለ መስቀል ግን እንግዳ መጥቶ ስብሰባው ሳይከፈትለት ከልጆች ጋር ማፋጠጥ ነውር መሰላቸው። ተነሡ፤ ከፈቱ። መክፈቻው ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጀ። እንግዳዋ «በጣም ደስ የሚል ንግግር ነበር» ብለው እጃቸውን ጨብጠው ሄዱ። መጻሕፍቱ ሌላ ሰፈር ገቡ።

ሩሃማ ደብተሯን ዘጋች። የአቶ ኃይለ መስቀል የልጅ ልጅ የሆነችው መሲ፣ የማኅበሩ ሰዓት ያዥ፣ ወደ ቤት አብረው ሲሄዱ በመንገድ ላይ «አባባ፣ እንግዳዋ ምን ሊጠይቁን እንደመጡ ያውቃሉ?» አለቻቸው። አላወቁም ነበር። ቤት እስኪደርሱ ስለ አየሩ ሁኔታ ተነጋገሩ።

ስለ ሟች ሕመም ደግሞ የሚከተለው ተመዝግቧል። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር አባላቱ ሩሃማን በሊቀመንበርነት መረጡ። በዚያው ቀን አንድ አዲስ ደንብ አጸደቁ፤ «በማንኛውም ስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው» የሚል። አማካሪው በዕለቱ በጉንፋን ምክንያት አልተገኙም። ጉንፋኑን ማን እንዳስያዛቸው ማጣራቱ ቀጥሏል፤ እስከ አሁን ጥርጣሬው መሲ ላይ ነው፤ ከእርሷ በፊት በቤቱ ያስነጠሰ የለም።

ደንቡ ለአማካሪው በደብዳቤ ደረሳቸው። አነበቡት። «ለልጆቹ ስብሰባ እንጂ ለትልልቆቹ አይመለከትም» ብለው ተረጎሙት። ሕግ የሚተረጎመው በእንዲህ ያለ መንገድ መሆኑን ዕድሜያቸው አስተምሯቸዋል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከእድሩ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የእድሩ መጋዘን ጣሪያ በበልጉ ዝናብ እያፈሰሰ ድንኳኖቹ ሻግተዋል፤ አግዳሚ ወንበሮቹም እየበሰበሱ ነው። ስለዚህ በጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ እንድትሆን ሐሳብ ቀርቧል፤ ጉዳዩ እሑድ ግንቦት 3 ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ ወጣቶቹም አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸው ሐሳባቸውን እንዲያሰሙ ተፈቅዷል።

አሥር ደቂቃ። ለፈተናው የቀረው አንድ ወር ነው። የሚያጠኑት ልጆች አርባ አንድ ናቸው። ክፍሏ ከተወሰደች ሌላ ክፍል የለም፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት ስድስት ሰባት ሰው በሚተኛበት አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ቴሌቪዥኑም እዚያው ነው፤ ሕፃኑም እዚያው ነው የሚያለቅሰው። ጉዳዩ ይህ ነበር። አማካሪው ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ክፍሏን ለማዳን አሥራ አንድ ገጽ ንግግር ጻፉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩሃማና መሲ አማካሪው ዘንድ መጡ። ንግግሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መሲ ገጾቹን በዐይኗ ቆጠረች።

«አባባ» አለች ሩሃማ፣ «ነገ የተሰጠን አሥር ደቂቃ ነው።»

«በቂ ነው። እኔ በስምንቱ እጨርሳለሁ።»

«ለኛ ሁለት?»

«ሁለት ደቂቃ ለወጣት ብዙ ነው። እናንተ ስትናገሩ እንደ ታክሲ ረዳት ናችሁ፤ ሳይሰማ ያልቃል።»

መሲ ስልኳን አወጣች። «እንግዳዋ የመጡ ቀን ‹ሰባት ደቂቃ› ብለው ነው የተነሡት። ሠላሳ አራት ነው የሆነው። እዚህ ይዤዋለሁ።»

«አንቺ የኔ ልጅ ነሽ የስልክሽ?»

መሲ ሳቀች። ሩሃማ አልሳቀችም። «አባባ፣ እለምንዎታለሁ፤ ነገ አይናገሩ» አለች።

«ሳይከፈት ሊጀመር?»

«እኔ እከፍተዋለሁ።»

«አንቺ? እድርተኛውን? እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች እኮ አንቺን በጡጦ ነው የሚያውቁሽ።»

«ጡጦ ከተውኩ ቆየሁ፣ አባባ።»

አቶ ኃይለ መስቀል «አስብበታለሁ» አሉ። በእኛ ማኅበር «አስብበታለሁ» ማለት እምቢ ማለት ነው፤ ልጆቹም ያውቁታል። ሩሃማ ጫማዋን አሠረች፤ በር ላይ ዞር ብላ «ደኅና ይዋሉ» አለች፤ ሄደች።

ስለ ሟች የመጨረሻ ደቂቃዎች ይህን እንመሰክራለን። በእሑዱ ጉባኤ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጃለታ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ካስረዱ በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው «እንግዲህ የወጣቶቹን ጉዳይ ጋሽ ኃይለ መስቀል ይከፍቱልናል» አሉ። አማካሪው ተነሡ። ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «የተከበራችሁ» አሉ።

«አባባ፣ ይቅርታ። ቁጭ ይበሉልን።»

ድምፁ ቀጭን ነበር። የመጣው ከጎን፣ ወጣቶቹ ከቆሙበት ነው።

አንድ ሰው ከኋላ «ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አለ። «ክፍሉን ሳይሰጧቸው እንዲህ ከሆኑ» ሲል ሌላው ቀጠለ፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ መጨረሻው ግን ለሁሉም ገባው። ሩሃማ በአንዲት ቃል አርባ አንድ ልጆች ሜዳ ላይ ልትበትን ነበር፤ እርሷም ይህን ታውቃለች።

አቶ ጃለታ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የማኅበሩ ሊቀመንበር ነኝ» አለች። «አሥሩ ደቂቃ የተሰጠው ለኛ ነው፣ ጋሼ። ሁለቱ አልቋል።»

ኑሕ የተባለው የአሥራ አምስት ዓመት አባላችን አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ከፊት ለፊት፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ለአማካሪው አስቀመጠ። አማካሪው ወንበሩን አዩ፤ ሩሃማን አዩ፤ ተቀመጡ። ለምን እንደተቀመጡ እስከ ዛሬ በቂ ማጣራት አልተደረገም። ጉልበታቸውም ሊሆን ይችላል። ሟች ያረፉት በዚህች ቅጽበት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቃለ ጉባኤው በዝርዝር ይዞታል። ሩሃማ ስለ ነገ አልተናገረችም፤ ስለ ሀገርም አላነሣችም። «እድሩ ስልሳ አግዳሚ ወንበር አለው» አለች። «ቆጥረነዋል። መጋዘኑ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደራርቦ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ብሎኬት ላይ ነው የምንቀመጠው። ወንበሩ ወደኛ ክፍል ይግባ። ግን አትደራርቡት፤ ደርድሩት። ሃያው በቂያችን ነው፤ የቀረው በኋላ ግድግዳ በኩል ይቆማል። ተደርድሮም ያው መቀመጡ ነው።»

ድንኳኖቹስ? ኑሕ የክፍሏን ጣሪያ ወራጆች ለክቷል። አባቱ እዚሁ ኮልፌ የእንጨት ሥራ አላቸው፤ አይተውታል። ድንኳኖቹ ተጠቅልለው በገመድ ከወራጆቹ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ከእርጥበትም ከአይጥም ይድናሉ። ለቅሶ በሆነ ቀን ወንበሩን ተሸክሞ የሚያወጣውና ድንኳኑን የሚተክለው ወጣቱ ነው፤ ሲያልቅም የሚመልሰው ወጣቱ ነው። እስከ ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚሮጡት የስልሳ ዓመት ሰዎች ወገባቸውን ያሳርፉ።

ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን አወጡ። በዚህ ጉባኤ ላይ ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን ካወጡ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል። «ልጄ፣ ፈተናው ሁለት ቀን ቀርቶት ሰው ቢሞትስ? ወንበሩን ልትከለክሉን ነው?»

«አንከለክልም፣ እማማ። ተሸክመን እናወጣዋለን።»

«እናንተስ?»

«ቆመን እንማራለን። ቆሞ መማር እንደሆነ ሁለት ዓመት ተለማምደነዋል።»

ሳቅ ሆነ። አቶ ጃለታ ግን አልሳቁም። ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ማዶ ወዳለው መጋዘን፣ ቀጥሎም ወደ ጓሮው ክፍል አቅጣጫ አዩ። «ይቺን ነገር እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ።

መሲ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ከፍ አድርጋ አሳየች። «አጀንዳ ቁጥር አራት» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።»

አዳራሹ በሙሉ ከፊት ለፊት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ሰው ዞረ። ወንበሩ ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠው ለክብር ነበር፤ ለመታየትም የተመቸ ሆነ።

ጉባኤው የወጣቶቹን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ክፍሏ የልጆቹም የወንበሮቹም ሆነች።

ውሳኔው ሦስት ቀን ሳይሞላው ተፈተነ። ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን የሰፈራችን እናት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ይህ ቀልድ የለበትም፤ ለቤተሰባቸው የምንመኘው መጽናናት ከልብ ነው። ዜናው ሲደርስ ሩሃማ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የክፍልፋይ ሒሳብ እየሠራች ነበር። ጠመኔውን አስቀመጠችና «ተነሡ» አለች። ልጆቹ አንዱን አግዳሚ ለአራት ለአራት ይዘው በጠባቧ መንገድ ላይ ተሰለፉ፤ ታክሲዎቹ ቆመው አሳለፏቸው። ድንኳኑ በግማሽ ሰዓት ተተከለ። አንዱ ምሰሶ ጎብጦ ነበር፤ የሰፈሩ አባቶች እያዩ ሩሃማ አፈረሰችውና እንደገና አስተከለችው። ማንም አላዘዛትም።

በማግሥቱ ልጆቹ ቆመው ተማሩ። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ አንዱ አግዳሚ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሒሳብ ነበር። ለቅሶ የመጡ አንድ አባት ሲያነቡት ቆይተው ስሕተት አገኙበት፤ መልሱን ከሥሩ ጻፉ። ማኅበሩ አግዳሚ ላይ መጻፍን ያወግዛል። ለእርማቱ ግን ያመሰግናል።

አማካሪው በእነዚህ ቀናት ብዙ አሰቡ፤ ዝም ሲባል ጊዜ ይተርፋል። ለስምንት ዓመት ልጆቹን ስለ መሪነት ሲነግሯቸው ኖረዋል። ልጆቹ ግን መሪነትን የተማሩት ንግግሩን በመስማት አልነበረም። ብሎኬት ሲደረድሩ፣ የሚያለቅስ ታናሽ ሲያባብሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተላልፎ ሃያኛውን ሲያስይዙ ነው የተማሩት። ምናልባት ንግግሩ የጠቀመው በትዕግሥት በኩል ይሆናል፤ ትዕግሥትን በዚህ መጠን የሚያለማምድ ሌላ መሣሪያ በሰፈሩ የለም።

ሟች ከኋላቸው ታናሽ ወንድማቸውን የመዝጊያ ንግግርን፣ የአጎታቸውን ልጅ «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር»ን እና አሥራ አንድ ገጽ ያልተነበበ ወረቀት ትተዋል። የመዝጊያ ንግግር በጠና ታመዋል፤ ሊቀመንበሯ ልትጠይቃቸው ትሄዳለች ብለን እንሠጋለን። ወረቀቱ ጀርባው ንጹሕ በመሆኑ ለልጆቹ የልምምድ ወረቀት እንዲሆን ተሰጥቷል።

ማኅበራችን ለመላው የሟች ወዳጆች፣ በእርሳቸው ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ሲያገኙ ለነበሩ አባቶች፣ በየስብሰባው መግቢያ ላይ ውኃ ሲያቀርቡ ለነበሩ እናቶች፣ እንዲሁም በሌሎች ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች በሕይወት ላሉት በርካታ የሟች ዘመዶች መጽናናትን ይመኛል። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ዕድሜ አንመኝም።

ተረካቢ የሰፈር ወጣቶች ማኅበር
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ይህ ከማኅበሩ ስም በታች የተጻፈው የእኔ የኃይለ መስቀል ነው። እስከዚህ ድረስ «ማኅበራችን» እያልኩ ተሸሸግኩ፤ አሁን ብቻዬን ልውጣ።

ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ። ጅቡን አይደለም፤ ጅቡ ነበረ። የፈጠርኩት «በሙሉ ድምፅ» የምትለዋን ነው። ድምፁ ሙሉ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ሰባ ሁለት ድጋፍ፣ ተቃውሞ የለም፣ አንድ ድምፅ ተአቅቦ ይላል። እጁን ያላወጣው እኔ ነኝ። የገዛ ልጆቼን ክፍል፣ በሩ ላይ ተቀምጬ የጠበቅኋትን ክፍል፣ ከሌላው ሰው ሁሉ ተለይቼ እጄን ነሣኋት። ሐሳቡ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ጥሩ እንደሆነ ከሁሉም በፊት ገብቶኛል። አኩርፌ ነው። በሰባ አራት ዓመቴ፣ ልጅ ቁጭ በሉ ስላለችኝ አኩርፌ።

እጅ የቆጠረችው ሩሃማ ነበረች፤ አቶ ጃለታ ዐይኔ አያደርስም ብለው እርሷን አዘዟት። ረድፍ በረድፍ እየቆጠረች መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አየችኝ። ከዚያ አለፈች፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ስሜን አላስጻፈችም።

ትናንት የዚህን መግለጫ ረቂቅ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ጡጦዋ ላይ ሳቀች፤ ኑሕን ጠርታ አሳየችው። «በሙሉ ድምፅ» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የጎደለው አንድ ድምፅ የእኔ መሆኑን ከእርሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀና ብላ ትመለከተኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለከተችኝም። ገጹን ገለጠች፤ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ «ጥሩ ነው አባባ፤ ይለጠፍ» አለች።

ልትተውልኝ ነው። እኔ ግን ተኝቼበት ተነሣሁ፤ እንዲተውልኝ አልፈልግም።

ስለዚህ ይህን ጨምሬ በራሴ እጅ ለጥፌዋለሁ። የእድሩም የማኅበሩም ጸሐፊዎች መዝገቡን ክፈቱት። አንድ ሳምንት አርፍዷል፤ ግን እጄ ወጥቷል። ከቻላችሁ ቁጠሩልኝ።